ሁለቱን መቀመጫዎች እንዴት አስታረቅኳቸው

ሞተሬ እየሄደ በየሃያ ደቂቃው ብድግ ስል ከኋላዬ የሚመጡት ነጂዎች ትርዒት የማሳይ ይመስላቸው ነበር። የምን ትርዒት! መቀመጫዬ ተቃጥሎ ነው። የአምስት ሰዓት መንገድ ስወጣ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ደቂቃዎች እንደ ሰው እነዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ሳልባትዮው (ወደ ነዳጅ ታንኩ) ጠጋ፣ ወደ ኋላ ሸሸት ነው። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ዓይኔ መንገዱን ትቶ የማርፍበትን ጥላ ብቻ ይፈልጋል።

በእኛ ቋንቋ የሞተሩም መቀመጫ ነው፣ የእኔም መቀመጫ ነው። እንዳንደናገር ከዚህ በኋላ የሞተሩን ኮርቻ፣ የራሴን መቀመጫ እላለሁ። ችግሩ የሁለቱ አለመግባባት መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ አንድ ዓመት ገደማና ሁለት የተበላሹ ስፖንጆች ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ የሚቆረቁር ነገር ላይ ለስላሳ ነገር ጣል። ብርድ ልብስ አጥፌ በገመድ አሰርኩበት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተንሸራትቶ ወጣ፣ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም። ቀጥዬ ለሶፋ ትራስ የሚሆን አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጬ ከኮርቻው ልባስ ሥር አስገባሁ። ቤት ውስጥ ስቀመጥበት ገነት ነው። ወንድሜን ጠርቼ «እስቲ ሞክረው» አልኩት። ወጣበትና «አንተ፣ አልጋ እኮ ነው የሠራኸው!» አለኝ።

እውነትም አልጋ ነበር፣ ለአርባ ደቂቃ። ከዚያ ከአጥንቴ ሥር ያለው ስፖንጅ እንደ ወረቀት ሳሳ፤ ዙሪያው ያለው ደግሞ ወደ ላይ አብጦ ጭኔን ያዘኝ። ስንቀመጥ የላይኛው አካላችን ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በዳሌ አጥንት ታችኛው ጫፍ ባሉት ሁለት ጉብታዎች ላይ ነው። ለስላሳ ስፖንጅ ልክ እነዚያ ሁለት ነጥቦች ሥር ተጨፍልቆ ያልቃል። ስፖንጁ ሲያልቅ የተቀመጥኩት ከሥሩ ባለው ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ነው ማለት ነው። በአጥንቱና በፕላስቲኩ መካከል ያለው ሥጋ ይጨመቃል፣ ደም እንደ ልቡ አይመላለስም፣ መጀመሪያ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል። ስፖንጁ በለሰለሰ ቁጥር ወደ ፕላስቲኩ ቶሎ ነው የምንደርሰው።

ያ ስፖንጅ ሌላም ዕዳ ነበረው። ኮርቻውን ከፍ ብቻ ሳይሆን ሰፋም ስላደረገው እግሬን ከፍቶ መሬቱን አራቀብኝ። ጠጠር በበዛበት ተዳፋት ላይ ልቆም ስል በእግር ጣቶቼ ብቻ ነበር የደረስኩት። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ግራ ተኛ። እኔ ምንም አልሆንኩም፤ የፍሪሲዮኑ እጀታ ግን ጎበጠ። ኮርቻ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጨመር እግርን ከመሬት የሚያርቀው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ቁመቱ ብቻ ሳይሆን ፊት በኩል በጭኖች መካከል ያለው ስፋትም ይቆጠራል።

የጄል ትራስም ሞክሬያለሁ። ጄል አይታመቅም፣ ሲጫኑት ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ። ንዝረትን በመጠኑ ያበርዳል፤ ነገር ግን ሞተሩን ፀሐይ ላይ አቁሜ ስመለስ እንደ ምጣድ ግሎ ጠበቀኝ። ከላዩ ስስ ስፖንጅ ከሌለ ለእኔ የሚሆን አይደለም።

ዓይኔን የከፈተልኝ ከጓደኛዬ የተዋስኩት በአየር የሚነፋ ትራስ ነው። እንደ ኳስ ነፋሁትና ተቀመጥኩበት፤ በየኩርባው ሲያወዛውዘኝ ዋለ። ማታ ጓደኛዬ ስቆብኝ አሳየኝ። አየሩ የሚስተካከለው ሰው ተቀምጦበት ነው፤ አጥንቱ ኮርቻውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቀስ እያሉ ማስተንፈስ። በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ሳልነሳ ነዳሁ። ትራሱ ክብደቴን ከሁለት ነጥብ ወስዶ በሰፊው አካፍሎታል ማለት ነው፤ ልስላሴ ያልሠራውን ስፋት ሠራው። ትራሱን መመለስ ስለነበረብኝና ኩርባ ላይ መወዛወዙን ስላልወደድኩት ያንኑ ሥራ ኮርቻው ራሱ እንዲሠራልኝ ፈለግኩ።

በዕድሜ የገፉ ታፒሰሪ ሠሪ ዘንድ ሄጄ «ጋሼ፣ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

«ልትተኛበት ነው ወይስ ልትጋልብበት?»

ሁለት ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወፍራሙንና ለስላሳውን በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ጣታቸው ጠረጴዛውን ነካ። ሁለተኛው በውፍረት ግማሹን አያህልም፤ ጣታቸው መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ያኛው ያባብልሃል፣ ይኼኛው ይሸከምሃል» አሉኝ። ሁለተኛው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ተፈጭቶና በኮላ ተጨምቆ የሚሠራው ቡራቡሬው ነበር። ያኔ የገባኝ ሌላ ነገር፣ የስፖንጅ እፍጋትና ጥንካሬ አንድ አለመሆናቸው ነው። በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ የሚነገረው እፍጋቱ ነው፤ እሱ በአብዛኛው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል ይጠቁማል። ስንቀመጥበት ምን ያህል እንደሚሰምጥ የሚወስነው ጥንካሬው ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመጠየቅ በአውራ ጣት መጫን ይሻላል፤ ከዚያም አልፎ በጉልበት ተንበርክኮ መሞከር።

ስፖንጁን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ግን ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት መለካት ነበረብኝ። ይህን ሥራ አንድ ቀን ቀድሜ አስቤው ቢሆን ሁለቱ ስፖንጆች አይበላሹም ነበር። ሸንተረር ያለው የካርቶን ቁራጭ ጠንካራ ዱካ ላይ አነጠፍኩ፣ ስስ ሱሪ ለብሼ ተቀመጥኩበት፣ ተረከዜን ከፍ አድርጌ ወደ ፊት ጎንበስ አልኩና አንድ ደቂቃ ቆየሁ። ስነሳ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ቀርተዋል፤ በዓይን ካልታዩ በጣት ጫፍ ሲዳሰሱ ይገኛሉ። ከመሃል እስከ መሃል 12.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ካርቶኑን ቆርጬ ኮርቻው ላይ፣ ሁልጊዜ በምቀመጥበት ቦታ አስቀመጥኩት። ጉዱ ታየ። የኮርቻው መሃል እንደ በሬ ጀርባ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ አጥንቶቼ የሚያርፉት አናቱ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። አንድም ቀን ኮርቻው ላይ በትክክል ተቀምጬ አላውቅም፤ ከሁለት በኩል ስንሸራተት ነው የኖርኩት።

ስልኬ ላይ ባለው የውኃ ልክ ስለካው ደግሞ ኮርቻው ወደ ፊት ሰባት ዲግሪ ያዘነብላል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ወደ ሳልባትዮው የምንሸራተተው፣ ሱሪዬ የሚጎተተው፣ ማታ ማታ ትከሻዬ የሚያመኝ ለካ ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማንቡሪዮውን በእጄ እየገፋሁ ራሴን ወደ ኋላ ስመልስ ነው የምውለው። አቋራጭ ፈልጌ ከኮርቻው የፊት እግሮች ሥር ስምንት ሚሊ ሜትር ላስቲክ ጨመርኩ። አንድ ዲግሪ እንኳ አልሞላልኝም፤ ከዚያ በላይ ስጨምር ደግሞ የኋላው ቁልፍ አልያዝ አለ። የቀረውን በስፖንጁ ማስተካከል ግድ ሆነ።

ልባሱን መፍታት አሰልቺ ነው። ከመቶ የማያንሱ የስቴፕል ሽቦዎችን በቀጭን ካቻቢቴ እያነሳሁ በፒንሳ ነቀልኩ። ስገልጠው ስፖንጁ እርጥብ ነበር። ውኃው የገባው መሃል ላይ በሚያልፈው ስፌት ነው፤ ክር ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ዝናብ ያልፋል። ሁለት ቀን ጥላ ሥር አደረቅኩት።

ቆረጣው ላይ ልቆይ፣ የሚያምረው እሱ ነው። ሴጌቶውን አልተጠቀምኩም፤ ምላጩን ብቻ አውጥቼ አንዱን ጫፍ በናስትሮ ጠቀለልኩና ያዝኩት። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ስፖንጅን ሳይጎትት ይቆርጣል። የጎበጠውን አናት ጠርቤ ለካርቶኑ የሚበቃ ጠፍጣፋ ሜዳ አወጣሁ። ከኋላ ቀንሼ ከፊት ጨመርኩ፤ ሰባቱ ዲግሪ ወደ ሁለት ወረደ። ለጭራ አጥንቴ መሃል ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ አንድ ተኩል ጥልቀት ያለው ቦይ ከፈትኩ። ፊት በኩል ግን ጎንና ጎኑን አቀጠንኩት፤ እግሬ ወደ መሬት የሚወርደው በዚያ ነውና። ቢላዋና ምላጭ የሚተዉትን ጎርበጥባጣ የሚያስተካክለው ቁጥር 40 ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በትንሽ ጣውላ ላይ ጠቅልዬ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስገፋው ስፖንጁ እንደ በረዶ እየበነነ ወረደ። አፍንጫ ሳይሸፍኑ ይህን መሥራት ሞኝነት ነው። ዓይን ጎርበጥባጣውን አያይም፤ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እየዳሰስኩ ነው የጨረስኩት።

ቡራቡሬውን ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር፣ ከላዩ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ስፖንጅ አደረግኩ። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀባል፣ ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ይጠበቃል፣ ከዚያ ይገጠማል። አንዴ ከተነካካ በኋላ ይቅርታ አያውቅም። መሃል ላይ ወረቀት ዘርግቶ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ወረቀቱን እየሳቡ መጫን ከስህተት ያድናል። እኔ ያጠፋሁት ቅቡን ነው። አንድ ቦታ ላይ ወፍሮብኝ ሲደርቅ እንደ ገመድ ጠጠረ፤ ከሁለት ስፖንጅ በላይ ሆኜ ይታወቀኛል። ፈትቼ እንደገና ሠራሁት።

ደግነቱ ልባሱን ገና አልሰፋሁም። አሮጌውን ልባስ አልብሼ ዙሪያውን በናስትሮ አሰርኩና እንዲያው ለሙከራ ነዳሁ። ሱቅ ድረስ ደርሶ መመለስ ሙከራ አይባልም፤ ያ የሶፋ ስፖንጅም እኮ ለአርባ ደቂቃ አልጋ ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል እየነዳሁ፣ የቆረቆረኝን ቦታ ስቆም በማርከር እያመለከትኩ፣ ቤት ስገባ እየሞረድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ጉዞ የቦዩ ጠርዝ ስለት ሆኖ ጭኔን በላኝ፤ በሁለተኛው የቀኙ ጎን ከግራው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በሦስተኛው ዝም አለ።

ለማልበስ አዲሱን ልባስ ፀሐይ ላይ አሙቄ፣ እልህ የያዘውን ጥግ በፀጉር ማድረቂያ አለዘብኩት። ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ አነጠፍኩ፣ ዝናቡ ስፌቱን ቢያልፍ እንኳ ስፖንጁን እንዳያገኝ። መጀመሪያ ፊት፣ ቀጥሎ ኋላ፣ ከዚያ ከጎኖቹ መሃል ተነስቶ ወደ ዳር መሳብ ነው። እኔ መጀመሪያ ግራውን በሙሉ ጨርሼ ወደ ቀኝ ስዞር ልባሱ በሙሉ ተጣሞ ጠበቀኝ። የስቴፕሉ እግር ደግሞ ከፕላስቲኩ ውፍረት ማለፍ የለበትም፤ አሥር ሚሊ ሜትሩ በሌላ በኩል ብቅ አለብኝ፣ ስድስቱ በቂ ነበር።

ከኮርቻው ውጭ የነበሩ ጥፋቶችም ነበሩብኝ። የኋላ ኪስ ውስጥ ያለ የገንዘብ ቦርሳ አንዱን ጎን አንሥቶ ወገብ ያጣምማል። የጂንስ ወፍራም ስፌት ልክ አጥንቱ ሥር ያልፋል፤ ስፌት አልባ የውስጥ ልብስ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ጨመረልኝ። የኋላው አሞርዛተር ሞላ ለሁለት ሰው ጭነት ጠብቆ ኖሮ ጉድጓዱን ሁሉ ለአከርካሪዬ ያደርስ ነበር፤ አላላሁት። ኮርቻው ላይ ከመሥራቴ በፊት እነዚህን አስተካክዬ ቢሆን ምን ያህሉን ከኮርቻው፣ ምን ያህሉን ከሱሪዬ እንዳገኘሁት ለይቼ እነግራችሁ ነበር።

አሁን ሦስት ሰዓት ገደማ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ ያመኛል፤ ሰው ለሦስት ሰዓት ሳይነሳ የትም ቢቀመጥ ያመዋል። በየሰዓቱ ለአንድ ደቂቃ በእግር ማሳረፊያው ላይ መቆሜን አልተውኩም፣ ደም ይመላለስ ብዬ። ልባሱ ቀኝ ጥግ ላይ ሁለት የማይጠፉ እጥፋቶች አሉት፤ ከእኔ በቀር የሚያያቸው የለም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

የኋላውን፣ ተፈናጣጩ የሚቀመጥበትን፣ አልነካሁትም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከወንድሜ ጋር ሩቅ ሄደን ስንመለስ ከሞተሩ ወርዶ እግሮቹን እያራገፈ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይናገር ቤት ገብቶ የካርቶን ቁራጭ ይዞ ወጣና ደረጃው ላይ አንጥፎ ተቀመጠበት።