ይሄንን የመታው ማነው?

ሦስት ሳምንት አልፎታል። እኔ ግን ጥርሴን እየቦረሽኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ አሁንም ብቻዬን «ኤጭ!» እላለሁ። ባለፈው ባጃጅ ውስጥ ትዝ ብሎኝ ጮክ ብዬ «ኤጭ!» ስል ሾፌሩ ወራጅ ያልኩ መስሎት ጥግ ያዘ። ምን ብዬ ላስረዳው? ከፍዬ ወረድኩና ከሐዋሳው አቶቴ ሰፈር እስከ ቤቴ በእግሬ ኳተንኩ።

ነገሩ የጣሪያ ነው።

ቤቱን ያሠሩት የባለቤቴ አባት ናቸው፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልንና። ክዳኑ ተራ ሞገድ ቆርቆሮ ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ጠብ ሳያደርግ ኖሯል። «ጠብ ሳያደርግ» የምትለዋ የእኔ ቃል አይደለችም። አማቴ ከሻሸመኔ በመጡ ቁጥር ኮርኒሱን ቀና ብለው እያዩ የሚደግሟት ናት። አምና ሐምሌ ላይ ግን መኝታ ቤታችን ጥግ ላይ፣ ኮርኒሱ ላይ፣ የሻይ ቀለም ያላት አንዲት ክብ ታየች። የስኒ ማስቀመጫ እንኳ አታህልም። ያኔ ሰው ጠርቼ ቢሆን ዛሬ ይሄን ባልጻፍኩ።

ግን መዶሻ ያለው ወንድ ሰው ይጠራል እንዴ? በዚያ ላይ መምህር ነኝ። የምን መምህር እንደሆንኩ አሁን አልናገርም፤ ቦታው ሲደርስ ራሱ ይወጣል።

መሰላል ከጎረቤት ተዋስኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ልበሳጭ። መሰላል ያዋሰህ ሰው ቤትህ ላይ አክሲዮን የገዛ ይመስለዋል። ጎረቤቴ ተሸክሞልኝ መጣ፣ ከሥር ይዞልኝ ቆመ፣ እሰየው። ከዚያ ግን «ወደ ግራ!»፣ «አይ እሷ አይደለችም፣ ቀጥላ ያለችው!»፣ «እኔ ብሆን ሬንጅ ነበር የምቀባው!» ሲለኝ ዋለ። ሰውየው ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ከፍታ ያዞረዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ «መሰላሏን ሌላ ሰው ጠይቆኝ ነበር፣ አልጨረስክም?» ይለኛል። እኔ ላይ ነኝ እኮ! በምን እንድወርድ ነው? እስካሁን ዕድር ላይ በተገናኘን ቁጥር «ያቺ መሰላል ካንተ ቤት ከወጣች ወዲህ ትነቃነቃለች» ይላል። ዓመቷ ነው። በቃ፣ ወደ ጉዳዬ።

ጣሪያው ላይ ጥፋተኛዋ አንዲት ሚስማር ነበረች። ከኮፍያዋ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች፣ ሚስማሯም ቀና ብላ ወጥታለች። ለካ ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ዓመት ከዓመት እንዲህ ሲል ሚስማሩን ቀስ አድርጎ ከእንጨቱ ይነቅለዋል። መድኃኒቱ እሷን አውጥቶ ወፈር ያለች ባለ ጎማ መተካት ብቻ ነበር። የአምስት ደቂቃ ሥራ።

እኔ ግን እዚያ ድረስ ወጥቼ አንዲት ሚስማር መትቼ ልውረድ? ጎረቤቴ ምን ይለኛል? «ለማንኛውም» እያልኩ ዙሪያዋን አጠናከርኩ። የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ስመታ ይሰረጉድብኛል። ጎድጓዳው ላይ ስመታ ግን ቆርቆሮው ከሥሩ ባለው እንጨት፣ ሞራሌው ላይ ስለተኛ ሚስማሩ ጥብቅ ይላል፤ «ጧ!» የሚል ልብ የሚያርስ ድምፅ አለው። ስለዚህ ጎድጓዳ ጎድጓዳውን ይዤ ወረድኩ። ልጄ ከታች ሚስማር በጣሳ ታቀብለኛለች፣ እኔ ጧ፣ ጧ። ከላዩ ሬንጅ ቀባሁበት። አዎ፣ የጎረቤቴን ምክር ሰማሁ።

ክረምቱ ተገባዶ ስለነበር ሬንጁ እንደምንም ይዞ ቆየ፤ እኔም በጋውን ሙሉ ስኮራ ከረምኩ። መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ መኝታ ቤት ሁለት ቦታ፣ ሳሎን ሦስት ቦታ፣ ኮሪደር አንድ ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የልጄ የድሮ ፖፖ ሳይቀር ግዳጅ ወጣ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። የሚያስፈራው ይሄ ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ጃንጥላ ይዛ መጣችና አልጋው ላይ ዘርግታ ተኛች። የተሸፈነው የሷ በኩል ብቻ ነው።

አሁንም ሰው አልጠራሁም፤ ቆርቆሮ ልገዛ ሄድኩ። ባለ ሱቁ «ስንት ጌጅ?» አለኝ። «ምን ምን አለ?» «28 አለ፣ 32 አለ፣ 35 አለ።» እኔ ደግሞ ለቤቴ የማልሰስት ሰው ነኝ፤ «ትልቁን፣ 35ቱን» አልኩት። ዋጋው ከሁሉም ሲቀንስ እንኳ አልነቃሁም፤ እግዜር የረዳኝ ነው የመሰለኝ። ባጃጅ ላይ አስጭኜ ስመለስ የሐይቁ ንፋስ እንደ እንጀራ አጠፈው። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ያወቅኩት በኋላ ነው፣ ሰው ፊት።

ለፋሲካ አማቴ መጡ። አደሩ። ዘነበ። ጠዋት ቡና ላይ «እሳቸው ሳሉ ጠብ ሳያደርግ...» ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት ተዉት። በማግስቱ ባለሙያ መፈለግ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው በር ላይ ቆሞ ቀና ብሎ አየና «ሙሉ በሙሉ ነው የሚነሣው» አለኝ። የእኛ ጣሪያ ከበሩ አይታይም። ሰውየው ያየው የማንጎውን ዛፍ ነው። ሁለተኛው በስልክ ዋጋ ነገረኝና ግማሹን እንድልክለት የሒሳብ ቁጥር ላከ፤ ቤቱ የት እንደሆነ አልጠየቀም። ሦስተኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የጠቆመኝ። ሽበት የወረሳቸው አባት ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ፣ ኮፍያ የደፋ አንድ ረዳት አስከትለው መጡ። ዋጋ ሳያነሡ «መጀመሪያ ኮርኒስ ውስጥ አስገቡኝ» አሉ።

ገቡ። «መብራት አጥፉ፣ በር ዝጉ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ና እይ፣ ልጄ» ሲሉኝ አንገቴን በቀዳዳው አሾልኬ አየሁ። በጠራራ ፀሐይ ከዋክብት! አንዳንዱ ደመቅ ያለ፣ አንዳንዱ ደብዘዝ ያለ። ሰብዓ ሰገል የሚመሩበት ነው። «ጣሪያ መታመሙ የሚታወቀው ባልዲ በመቁጠር አይደለም» አሉኝ። «ውኃ በገባበት አይወርድም። እዚህ ይገባና ሞራሌውን ይዞ ሄዶ ሄዶ እዚያ ነው የሚንጠባጠበው። ከታች ሆነህ ብትፈልገው ያጃጅልሃል።» ሞራሌውን በመፍቻ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጉት። ሁለት ቦታ ላይ እንደ ዳቦ ገባላቸው፤ ሌላው ደህና ነው። አየር ወስጄ ወረድኩ። እዚያው ብገነዝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱም ቀጥለው ጣሪያው ላይ ወጡ።

ግቢ ውስጥ ማን እንዳለ ልንገራችሁ። አማቴ በርጩማ ላይ፣ ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ ልጄ ከዕጣኑ ጋር እየተጫወተች፣ ባለ መሰላሉ ጎረቤቴ (መሰላሏን ሊጠብቅ ነው የመጣው) እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ደግሞ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣውን በልቶ የመጣ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሟል። ያ ራሰ በራ አናቱን ዘንበል አድርጎ ልክ ኩረጃ እንደሚጠብቅ ፈታኝ ያየኛል። እንዲህ ተሰብስበን ሳለ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ይሄንን የመታው ማነው?»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት! አሁን በቀን አርባ ጊዜ እለዋለሁ፣ ብቻዬን ስሆን። ያኔ ግን ከአፌ የወጣው «አይ፣ አምና አንድ ሰው ጠርተን ነበር» ነው።

ባለቤቴ የቡናውን ሙቀጫ ቀጥ አደረገችው።

«ሰው ነው?» አሉ ሽማግሌው። «ጎድጓዳው ላይ እኮ ነው የመታው! ውኃው በሚሄድበት! ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ይሄ ሰውዬ ውኃ አይቶ አያውቅም እንዴ?»

እዚህ ጋ እንኳ ባቆም። ግን አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ደደብ ነገር ነበር፣ ጋሼ» አልኩ። «ገና ሲመጣም ዓይኑ አላማረኝም።» መሳቅ ሁሉ ሳቅኩ። አንዴ ሰው ከፈጠርክ ደግሞ ማሳደግህ አይቀርም፦ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ብሩን ቀድሞ ነው የተቀበለው፣ ስልኩንም ዘግቷል። አማቴ «ለመሆኑ ስንት ወሰደ?» ሲሉኝ «ሁለት ሺህ» አልኩ። ባለቤቴ ቀስ ብላ ቀና አለች። የሌለ ሰው መፍጠሬን ይቅር ልትል ትችላለች፤ የሌለ ሁለት ሺህ ብር ግን የት እንደገባ እስከ ዛሬ ማስረዳት አልቻልኩም።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «የሙት ቤት አይቶ ነው! እጁን ቁርጥማት ይቁረጠው!»

እኔም «አሜን» አልኩ።

በገዛ እጄ ላይ። ሁለቱንም መዳፎቼን ዘርግቼ።

ከዚያ መንቀሉ ተጀመረ። ረዳቱ ከላይ እየነቀለ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ቋ! ሽማግሌው ለእያንዳንዷ አንድ አንድ አስተያየት አላቸው። ቋ! «ይቺማ ሞራሌውን ሁሉ ስታዋለች፣ አየር ላይ ነው የመታት።» ቋ! «ሬንጅ ቀብቶባታል ደግሞ፣ ቁስል ላይ ቅቤ።» ጎረቤቴ በዚህች ጊዜ ወደ ማንጎው ዛፍ ማየት ጀመረ። ቋ! «ይቺን ሁለት ጊዜ ነው የመታት፣ ናፍቃው ነው?» ልጄ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች፤ ጣቷ ሲያልቅ ከአንድ እየጀመረች። ቡናው አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ ቋታው አላለቀም። አባ ኮዳው እግሩን ቀየረ። ሠላሳ ሰባት። ለአንዲት ቀዳዳ ሠላሳ ሰባት ቀዳዳ ከፍቼላት ነበር፣ ብቻዋን እንዳይከፋት።

ሠላሳ ሰባተኛዋ ጣሳው ውስጥ ስትወድቅ ግቢው ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል ልጄ፦

«አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የመታኸው? እኔ አይደለሁ ሚስማር ያቀበልኩህ?»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አማቴ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ስኒያቸውን አነሡ፤ እርግማኑን ግን አልመለሱትም። እሱ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው መሰለኝ፣ ቀኝ አንጓዬን ማታ ማታ ያመኛል። ሽማግሌው ከላይ አጎንብሰው አዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። «አይ... ጥብቅ አድርገህ ነው የመታኸው ግን» አሉ። «ለመንቀል አስቸግሮናል።»

ያኔ ነው ረዳቱ በመሰላሉ ወርዶ፣ ሻርፑን ከፊቱ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ ጣሳውን በሁለት እጁ የዘረጋልኝ።

«ቲቸር፣ ይሄን የት ላድርገው?»

የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ሦስተኛ ወንበር፣ መስኮቱ ሥር።

እንግዲህ ቦታው ደርሷል። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ያንን ልጅ ፊቴ አስቀምጬ ውኃ ሁልጊዜ ዝቅ ያለውን ቦታ ተከትሎ በሸለቆ እንደሚፈስ አስተምሬዋለሁ። የምኖረውም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው! ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም ብዬ ሥዕል ስዬአለሁ፤ የእኛ ሳሎንም ያኔ እንደዚያው ነበር። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል ብዬ በጠመኔ አስምሬበታለሁ። የራሴ ጣሪያ ሸለቆ ላይ ደግሞ ሚስማር።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ሽማግሌው በጣም የተበሳሱትን አራት ቆርቆሮዎች ቀየሩ፣ የበሰበሰውን ሞራሌ ቆርጠው ተኩ፣ ባለ ጎማ ሚስማሩን ጉብታ ጉብታው ላይ መቱ። ያመጣሁትን 35 ጌጅ በጣታቸው ጠቅ አድርገው «ይሄ ለዶሮ ቤት ይሆንሃል» አሉኝ፤ ሆኗል፣ ዶሮዎቹ አላማረሩም። ማክሰኞ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ጠብ አላለም። አማቴ ጠዋት ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩና «እሳቸው ሳሉ እንዲህ ነበር» አሉ።

ልጁ ክፍል ውስጥ ለማንም አልተናገረም። ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የገደለኝ። «ሸለቆ» ባልኩ ቁጥር በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። በመስኮቱ የሚታየው የቢሮው ጣሪያ ነው። ለሁለት ሳምንት «ዝቅ ያለ ቦታ» እያልኩ አስተማርኩ።

ትናንት የወሰዱትን አጭር ፈተና ሳርም የሱ ወረቀት ደረሰ። ተራ ቁጥር 4፣ ሁለት ነጥብ የሚይዝ፦ «የዝናብ ውኃ ተዳፋት መሬት ላይ በየት በኩል ይፈሳል?» በጥሩ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በሸለቆው በኩል። ሚስማር ግን ጉብታው ላይ ነው።»

ሁለት ከሁለት ሰጠሁት። ምን ላድርግ፣ ልክ ነው።