ቅዱስ ገብርኤል ከፍርሃቴ አወጣኝ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ድርጅት የአይቲ ሰፖርት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው። «ፓስወርዴ ጠፋኝ»፣ «ፕሪንተሩ ወረቀት ያዘብኝ»፣ «ኢንተርኔት የለም»። ሥራውን አልንቀውም፤ እጄን ያፍታታልኝ እሱ ነው። ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይና ለእናቴ ከምልከው አያልፍም። በግሌ ልሥራ ስል ደግሞ ፍርሃት ይይዘኛል። ወር ሲሞላ ማን ይከፍለኛል? እናቴ መድኃኒቷን በምን ትገዛለች? ይሄ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

ታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ላይ ከየቦታው በመጣው ምእመን መሐል ቆሜ አለቀስኩ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ መልአክ፣ እኔንም ከዚህ ፍርሃት አውጣኝ» አልኩና ተሳልኩ። ገንዘብ አልለመንኩም። የጨረሰኝ ፍርሃቱ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ተቀነስኩ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ። ለእኔ ተአምሩ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ አንዲት የማውቃት የሒሳብ ሠራተኛ ስልኬን ሐይቁ ዳር ላለ ሆቴል ባለቤት ሰጠችልኝ። የጓሮው ሴኪዩሪቲ ካሜራ ምስሉ ይመጣል፣ ይጠፋል። ካሜራው ተቀይሯል፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ እንደገና ተገጥሟል (ክሪምፕ ተደርጓል)፤ ያው ነው። በልቤ «ገብርኤል፣ አትለየኝ» እያልኩ ገመዱን ተከተልኩት። በጣሪያው ሥር ያልፋል፣ አጥሩን ይዞራል፣ አበባው መደብ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይወጣል። የኔትወርክ ገመድ ልኩ 100 ሜትር ነው፤ ይሄኛው በደንብ አልፎታል። መሐል ላይ ያለው የጥበቃ ቤት መብራት ነበረው። እዚያ ምስሉን ተቀብሎ የሚያሳልፍ፣ በዚያው ገመድ ለካሜራውም ኃይል የሚያቀብል ትንሽ መሣሪያ (ፒኦኢ ስዊች) አስገብቼ ገመዱን ለሁለት ከፈልኩት። ምስሉ መጣ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠፋም።

ባለቤቱ «ልጄ፣ ሌላውንም አንቺው ያዢልኝ» አሉኝ። ቀጥለው «ደረሰኝ አለሽ?» ሲሉ ዝም አልኩ። ድርጅት ያለ ደረሰኝ የከፈለው ወጪ ግብር ላይ አይያዝለትም። «ጋሼ፣ ፈቃድ እስካወጣ ይታገሡኝ» አልኳቸው። የግብር ከፋይ ቁጥሩን፣ ንግድ ፈቃዱን፣ ደረሰኝ ማሳተሙን፣ ምልልሱን አልተርከውም፤ ያለፈበት ያውቀዋል። ሌላ ባለሙያ ፕሮፎርማ ይዞ እየመጣባቸው እንኳ ሥራውን አቆዩልኝ። ልባቸውን ማን እንዳራራልኝ አውቃለሁ።

አሁን ከእሳቸው ሌላ ክሊኒክና ትምህርት ቤት በወርኃዊ ውል ይዣለሁ። ስለቴንም ሐምሌ 19 አስገብቻለሁ። ለእናቴ ደውዬ «እማዬ፣ ውል ፈረምኩ» ስላት እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ። ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን፤ የመልአኩ ምልጃ ከሁላችን ጋር ይሁን።