ደረቁ ወንዝ

ዛሬ ድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ በእግሬ ተሻገርኩት። ጠብታ ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ብቻ። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንዲት ፍየል ካርቶን ታኝካለች። "ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራችሁ?" አልኳት አክስቴን። አልሳቀችም።

በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ሰውን ከነመኝታው የጠረገው ይሄው አሸዋ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ዝናቡ የሚወርደው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ከተማው ሳያካፋ ጎርፉ ከች ይላል።

ከዚያ ወዲህ ዳር ዳሩን ግንብ ተሠርቷል። ግን አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ ሲዘንብም ይበልጥ ሊከብድ ይችላል፤ ግንቡ ይሄንን አስቦት ይሆን?

አክስቴ ግንብ አታምንም። ደጋው ላይ፣ ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር መታወቂያዋንና የቤት ካርታዋን በፌስታል ቋጥራ በሩ ጀርባ ትሰቅላለች። ዛሬም ተሰቅሎ አየሁት።