የእትዬ ሲኒና የኔ ወረቀት

መጀመሪያ ካበላሸሁት ልጀምር።

ጎረቤታችን ሲኒ ያያሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዛው። የምንኖረው ጂማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። ቡና በማይጠፋበት ከተማ ሲኒ የሚያይ ሰው እንዴት ይጠፋል? ቡናው ተጠጥቶ ሲያልቅ ሲኒውን ከነአተላው ይገለብጡታል፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ያነሱትና "መንገድ ይታየኛል፣ ረጅም ነው፣ አንድ ጠይም ሰው ከፊት ቆሟል" ይላሉ። ክፍያ አይጠይቁም። ሰው ግን ስኳር ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱም ብር አጣጥፎ ረከቦቱ ስር ሸጎጥ ያደርጋል።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ የዶርም ልጅ በላፕቶፑ የጄምስ ራንዲን ቪዲዮ አሳየኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለከፍኩ (ለቃሉ ይቅርታ)። ራንዲ ካናዳ የተወለደ የመድረክ ምትሃተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፒተር ፖፖፍ የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች በስማቸው እየጠራ፣ ሕመማቸውንና አድራሻቸውን እየዘረዘረ "ተገለጠልኝ" ይል ነበር። እነ ራንዲ የሬዲዮ መቀበያ ይዘው አዳራሹ ገቡ። ሰውየው ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ነበረችው፣ ሚስቱ ከጀርባ ሆና ታነብለት ነበር፤ ድምጿን ቀድተው በቴሌቪዥን አሰሙት። አለቀ።

እኔም የጂማው ራንዲ ልሆን ተነሳሁ።

አንድ እሁድ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ሰባት ሰው ተሰብስቦ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ እትዬ ሲኒ ሊያዩ ሲሉ ማንም ሳያየኝ የኔን ሲኒ ከአክስቴ ጋር ቀየርኩት። እትዬ የአክስቴ ነው ብለው አነሱት። ስለ ልጇ ነገሯት፣ ስለ ጉልበቷ ነገሯት፣ አክስቴም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" እያለች እንባ አቀረረች። ይሄኔ ብድግ አልኩና "ያዩት እኮ የኔን ነው!" አልኩ። እስኪስቁልኝ ጠበቅሁ። የሳቀ ሰው የለም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለእናቴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ወጡ። እናቴ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ስታናግረኝም የመጀመሪያው ቃሏ "አዝላ ያሳደገችህን ሴት በሰው ፊት!" ነበር።

የሚገርመው ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ እትዬ ቤት ከወትሮው የበለጠ ሰው ነበር። አዝኖላቸው ነዋ።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ከራንዲ የቀዳሁት ጣት መቀሰሩን ብቻ ነው። ወረቀቱን ትቼዋለሁ። ራንዲ ከ1964 ጀምሮ ልዩ ኃይሉን በፈተና ላሳየ ሰው ሽልማት መድቦ ነበር፤ ከ1,000 ዶላር ተነስቶ 1 ሚሊዮን ደርሷል፣ እስከቆመበት እስከ 2015 ድረስ የወሰደው የለም። ፈተናው ግን ድብብቆሽ አልነበረም። ተፈታኙ ምን እችላለሁ እንደሚል በራሱ አፍ ይናገራል፣ ስንት ቢመታ እንዳለፈ ስንት ቢመታ እንደወደቀ አስቀድመው ይስማማሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። እኔ እትዬን መች ጠየቅኋቸው? የቸገረኝ ደግሞ ሲኒው መቀያየሩ ምንም አለማረጋገጡ ነው። አክስቴ ካመነች አመነች፤ ስንት ሰው ላይ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው ላይ እንደማይሠራ ማን ቆጠረ?

የህንዱ ሐኪም ናሬንድራ ዳቦልካርም ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳይ አደረገኝ። ማሃራሽትራ ውስጥ በ1989 ማኅበር አቋቁሞ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር መንደር ለመንደር እየዞረ "ተአምር" የሚባሉትን ነገሮች ራሱ እየሠራ ያሳይ፣ በጥንቆላ ስም ሰው እንዳይበደል ሕግ ይወጣ እያለ ይሟገት ነበር። ነሐሴ 2013 ፑኔ ከተማ ውስጥ ጠዋት በእግሩ ወጥቶ ሳለ በጥይት ገደሉት። ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ በአክስቴ ሲኒ ጀግና ለመሆን መሞከሬ አሳፈረኝ።

አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ እትዬ በር ላይ ቆምኩ።

"ደሞ ምን ልትቀይር መጣህ?" አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ስኳሩን ተቀበሉ፣ እኔን ግን ትንሽ አስቆሙኝ። ከዚያ የሆዴን አወጣሁ። "እትዬ፣ እርስዎ ሲኒው ነው የሚነግረኝ ይላሉ። እኔ ደግሞ አይመስለኝም። እርስዎ ባሉት መንገድ፣ እርስዎ በመረጡት ቀን እንሞክረው። ልክ ከሆኑ እዛው እሁድ ቡና ላይ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት እናገራለሁ።" ዝም ብለው አዩኝ። "ካልሆንኩስ?" አሉ። "ካልሆኑ እርስዎ ካላወሩት እኔ አላወራም" አልኩ። (ይሄን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፤ "ስሜን እንዳታነሳ እንጂ ጻፈው" ብለዋል።)

ተማሪዎቼ የገቡት እዚህ ላይ ነው። ዘጠኝ ነን፣ አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን፣ ስም እንኳ አላወጣንለትም። ፈተናውን ያወጡት እነሱ ናቸው። እትዬ የማያውቋቸው ስምንት ሰዎች በአንዱ ክፍል ቡና ይጠጣሉ። ሲኒው ስር በማርከር ቁጥር ይጻፋል። እትዬ በሌላው ክፍል ሆነው አንድ በአንድ ያያሉ፣ እኛ የሚሉትን ቃል በቃል እንጽፋለን። በኋላ ስምንቱም ሰዎች ስምንቱንም ወረቀት አንብበው "የኔ ይሄ ነው" ብለው አንድ ይመርጣሉ። ዝም ብሎ በግምት ቢሆን በአማካይ አንድ ሰው ይመታል። ሰዎቹ ስምንት ይሁኑ ሰማንያ፣ የሚጠበቀው ያው አንድ ነው፤ ልጆቹ አላመኑኝም ነበር፣ ቁጭ ብለው አሰሉት። እትዬ ስድስት ወይም ሰባት እመታለሁ አሉ። አምስት ከመቱ በቂ ነው አልን። ፈረምን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ተበላሸ። ሲኒውን የምታመላልሰው ልጅ የማን ሲኒ እንደያዘች ታውቅ ነበር። እትዬ "ይሄ የወንድ ነው..." ብለው ቀና ሲሉ ልጅቷ ከንፈሯን ትነክሳለች። "...አይ፣ የሴት" ይላሉ። ልጅቷ ምንም አላለችም እኮ! እትዬም እያታለሉ አልነበረም፣ ያዩትን እንዳዩ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሁሉንም ወረቀት ቀደድነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዱ ሲኒዎቹን ሰብስቦ ትሪ ላይ አቀላቅሎ ኮሪደር ላይ ትቶ ይሄዳል፣ ማንንም ያላየ ሌላ ልጅ ያነሳዋል። ፈታኙ ራሱ መልሱን ማወቅ የለበትም ብዬ ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ አስተምሬ ያልገባቸው ልጆች በዚያች ከንፈር ገባቸው።

ወጪያችን? ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል፣ አንድ ማርከር። ይሄ ላብራቶሪ ይፈልጋል የሚለኝ ሰው ሲመጣ ኤሚሊ ሮዛን እነግረዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆና፣ የሰውን "ኃይል" በእጃችን ይሰማናል የሚሉ 21 ባለሙያዎችን በካርቶን ጋርዳ ጠየቀቻቸው፦ እጄ ያለው በቀኝህ በኩል ነው በግራህ? 280 ጊዜ ሞክረው 123 ጊዜ መቱ፣ 44 በመቶ። ሳንቲም ቢወረውሩ ይሻላቸው ነበር። በ1998 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አወጣላት።

የእትዬ ውጤት አንድ ከስምንት ሆነ።

ያቺ አንዷ ግን ጉድ አደረገችን። "ቁርጥ እኔን ነው ያሉት! ወንድሜ አረብ አገር እንዳለ እንኳ አውቀዋል!" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ወረቀቱ ላይ ያለው "ሩቅ ያለ ዘመድ" ብቻ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የተቀሩትን ሰባቱን የሚያስታውስ ጠፋ። እኛ ባንጽፈው ኖሮ እኔም እረሳው ነበር መሰለኝ።

ለእትዬ ውጤቱን ብቻዬን ሄጄ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ሰውየው ፊቴ ሲቀመጥ እኮ ሌላ ነው። እኔ አንድ ስል እሱ ሦስት ይጨምርልኛል" አሉ። ይሄን ማንም ምሁር ከዚህ በተሻለ አይለውም። ሬይ ሃይማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው በወጣትነቱ መዳፍ ያነብ እንደነበር፣ አንድ ቀን መስመሩ ከሚለው ተቃራኒውን ለሰዎች ቢናገር ልክ እንደ በፊቱ እንደተደነቁለት ነገርኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲኒ ማየታቸውን ግን አልተዉም። እናቴም አሁንም ታሳያለች፤ ብቻ ሥራ ልቀቅ፣ ቤት ሽጥ የሚል ነገር ከሲኒ እንደማይወሰድ እትዬ ራሳቸው ነው የሚናገሩት።

ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከራሳችን ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ በእጅ ጽሑፍህ ጠባይህን አውቃለሁ ብዬ አጽፈዋለሁ፣ በነጋታው ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት እሰጣለሁ፦ "ከላይ ጠንካራ ትመስላለህ፣ ውስጥህ ግን ይጨነቃል..." ከአምስት ስንት ስል አራትና አምስት ነው የሚሰጡኝ። በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ይሄንኑ በ1948 ተማሪዎቹ ላይ ሲሠራው አማካዩ 4.26 ነበር። ወረቀት ተለዋወጡ ስላቸው ክፍሉ ይናወጣል። በሰው ከመሳቅ በፊት በራስ መሳቅ ጥሩ ነው።

ሌላው የተማርነው በድንገት ነው። አንዲት ልጅ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ወድቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። "ልክፍት ነው፣ ክብሪት!" ተባለ፣ አንዱ ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ሊያስጠጋ ደረሰ። ከአርብ ልጆች አንዷ እጁን ይዛ አስቆመችው። ሹራብ ከጭንቅላቷ ሥር አደረገች፣ በጎኗ አስተኛቻት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ከለከለችና ሰዓት ያዘች፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው ብላ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። በኋላ የልጅቷን እናት ሳናግር "ሰይጣን የለም" የሚል ክርክር አልከፈትኩም። ጸበሉም ዱዓውም የእናንተ ነው፣ እኔ አያገባኝም፣ የሚጥል በሽታ ግን መድኃኒት አለው፣ ከጀመረች እንዳታቋርጡባት ነው ያልኩት። የቀድሞው እኔ ቢሆን ክርክሩን አሸንፎ ልጅቷን ያለ ክኒን ያስቀራት ነበር።

አሁን ተራው የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። በሁለት የታጠፈ ሽቦ ውሃ አገኛለሁ ይላል። በእኛ ዝናብ ብዙ ቦታ ቢቆፈር ውሃ አይጠፋም፣ ግን አንከራከርም። አሥር ጀሪካን በማዳበሪያ ሸፍነን አንዱን ብቻ ውሃ እንሞላለን፣ አሥር ዙር። እሱ ዘጠኝ አለ፣ እኛ አምስት ይበቃናል አልነው፤ አምስት በግምት የመምታት ዕድል ከሺህ ሁለት አይሞላም። ባለፈው የሞላውን ጀሪካን እያወቀ ሞከረው፣ ሽቦው በአሥሩም ዙር ዞረለት። ደስ አለው፣ ፈረመ። ውሃውን የሚሞላው ልጅ በየዙሩ ጀሪካኑን ቀይሮ ቆፋሪው ከመግባቱ በፊት ከዓይን ይሰወራል፤ ከንፈር የምትነክስ ሰው አጠገብ አትኖርም። እትዬ ሰምተው መጥተው ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል። ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው አሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት።