ስኳር ድንች የማይበሉት ፖፖ

ዛሬ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራዬ ተረኛ የነበርኩት ፖፖ ጋ ነው። (ፖፖ በካንቶኒዝ አያት እንደማለት ነው፣ ስማቸው አይደለም።) 97 ዓመታቸው ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቻይና ታውን ይኖራሉ። ሩዙን ሳላጥብ ከጣድኩት እስካሁን ይቆጡኛል።

ምሳ ላይ ስኳር ድንች ቀቅዬ አቀረብኩላቸው። ሳህኑን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው ዝም አሉ። ምክንያቱን የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

ፖፖ የታይሻን (ደቡብ ቻይና) ሰው ናቸው። ጃፓን በ1938 እ.ኤ.አ. የአካባቢውን ትልቅ ከተማ ጓንግዡን ስትይዝ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ታይሻን ደግሞ ያኔ ወንዶቹ ከአሜሪካ በሚልኩት ገንዘብ የሚኖር አገር ነበር፤ ገንዘቡ የሚያልፈው በሆንግ ኮንግ በኩል ነበር። በ1941 በፈረንጆቹ ገና ዕለት ሆንግ ኮንግ ስትወድቅ ሃዋላው ቀጥ አለ። በ1943 ረሃብ ገባ። እናታቸው ልጆቹን ይዘው ከመንደር መንደር ሲሸሹ የተገኘው ስኳር ድንች ብቻ። ለእናቴ በየወሩ የምልከው ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ የአገራቸው ልጅ መጥቶ አገባቸው። ያኔ አሜሪካ ለመግባት ለቻይናውያን የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ነበር (ለዚያ ሁሉ ሕዝብ!)፤ የአሜሪካ ዜጎችን ሚስቶች ከኮታው ያወጣው የ1946ቱ ሕግ ነው ያስገባቸው። ከዚያ ልብስ ስፌት፣ አምስት ልጅ፣ ሕፃኑ የስፌት መኪናው ሥር ካርቶን ውስጥ ተኝቶ።

ማታ ልወጣ ስል የጃኬቴን የላላ ቁልፍ አዩና እጄን ያዙኝ። መርፌው ውስጥ ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የቀረውን እሳቸው ጨረሱት።