መሬት ለመሬት የሚሳበውን ሴደም በኮትቻ ግቢ ውስጥ ማዛወር

አዲስ አበባ ውስጥ ችግኝ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው። ዛፍም ይሁን ጌሾ፣ ሰው ሁሉ የሚቆፍረው ዝናቡን ጠብቆ ነው። ወፍራም ቅጠል ላለው፣ መሬት ለሚያለብሰው ለሴደም ግን ይህ ልማድ አይስማማውም። በሐምሌ የተዛወረ ሴደም የተቆረጠበት ቦታ ሳይደርቅ ጭቃ ውስጥ ይገባና ከሥሩ ይበሰብሳል። እኔ የማዛውረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዝናቡ ወጥቶ፣ መሬቱ ግን ገና እርጥበት እያለው፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ። ኅዳር ከገባ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ተክሉ ባይሞትም ሥር ለማውጣት ይለግማል። ሁለተኛው ዕድል የበልግ መግቢያ፣ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው። ያኔ የተተከለው ግን መሬቱን ሳይሸፍን ክረምት ሊደርስበት ይችላል።

ሴደም ከእኛው እንዳሁላ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ወፍራም ቅጠሉ የውሃ ማጠራቀሚያው ነው። ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ አየር የሚያስገባው በሌሊት ነው። ስለዚህ ድርቅን ይችላል፤ የማይችለው የሐምሌና የነሐሴን ውሃ ሥሩ ላይ ተኝቶ ሲያገኘው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚታሰበው ለበጋው ሳይሆን ለክረምቱ ነው።

ቦታው ከግቢ በር ወደ ቤት በሚወስደው መተላለፊያ ዳር ያለ 3 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ጥቁር ኮትቻ ነው። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ይህ አፈር ብዙ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ጉድጓድ ቆፍሮ በጥሩ አፈርና በጠጠር መሙላት ነው። በኮትቻ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ውሃ ይይዛል፤ ዙሪያውን ያለው ጭቃ አያሳልፍም፣ የግቢው ጎርፍም ወደ ለስላሳው አፈር ይሰበሰባል። ከታች ጠጠር ማንጠፍም አይረዳም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ የላይኛው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ተይዞ ይቆያል፣ የሴደም ሥር ያለውም እዚያው ነው። ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት እንጂ ከሥሩ መነጠፍ የለበትም።

ስለዚህ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሠራሁት። ኮትቻውን መጠነኛ እርጥበት ሲኖረው በዶማ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈታሁት። ላዩን ለእያንዳንዱ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ መንገዱ እንዲያዘቀዝቅ አስተካከልኩ። ከዚያም በዙሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ደረደርኩ። ድንጋዩ በሲሚንቶ ከተገነባ በየግማሽ ሜትሩ ከሥሩ ቀዳዳ መተው ግድ ነው፤ አለዚያ ገንዳ ሠራችሁ ማለት ነው።

ለመሙያ ከሬድ አሽ የተሻለ አላገኘሁም፤ ለመንገድና ለግቢ መሙያ የሚሸጠው ቀዩ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ማለቴ ነው። ቀላል ነው፣ አይጠቀጠቅም፣ ትንሽ እርጥበት በቀዳዳዎቹ ይዞ የቀረውን ይለቃል። ነገር ግን ከመኪና እንደተራገፈ አይገባም። መጀመሪያ በአሸዋ ወንፊት መነፋት አለበት፤ ዱቄቱ የአፈሩን ቀዳዳ ስለሚደፍን ወንፊቱ ላይ የቀረው ነው የሚፈለገው። ከአውራ ጣት ጫፍ የሚበልጠው ደግሞ ተለቅሞ ይወጣል። መጠኑ 3 እጅ ሬድ አሽ፣ 2 እጅ የግቢ አፈር (ቀይ አፈር ከተገኘ ይመረጣል)፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ለ3 ካሬ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 450 ሊትር ያስፈልጋል። ሲደባለቅ አፈሩ በጠጠሩ መካከል ስለሚገባ መጠኑ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ባለ 20 ሊትር ባልዲ 27 ያህል ማዘጋጀት ይሻላል። ዩሪያና ዳፕ አይጨመርም፣ ያልበሰለ ፍግም እንዲሁ። የጠገበ ሴደም ሐረጉ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይራራቃል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፤ ክረምት ሲመጣ ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ነው።

እናት ተክሉን ከማንሳቴ ከአራት ቀን በፊት ውሃ አቆማለሁ። ውሃ የጠገበ ቅጠል ሲነካ ይረግፋል፣ ሐረጉም ቀጭ ይላል፤ ትንሽ የተጠማው ግን ይተጣጠፋል። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ በስለታም ቢላ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ከፍሎ፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በጠፍጣፋ አካፋ ማንሳት ይበቃል። ከአንድ ወገን ጠርጎ ከመውሰድ አንዱን አንስቶ አንዱን መተው ይሻላል። የቀሩት ወደ ባዶው ቦታ ስለሚሳቡ እናቲቱ መልሳ ትገጥማለች።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ሰርዶ ለቀማ ነው። አንድ የሴደም ጉማጅ ገልብጣችሁ ብታዩ፣ የሴደሙ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነና ቡናማ ነው። የሰርዶው ግን ነጭ፣ ክብሪት እንጨት የሚያህል፣ አንጓ በአንጓ የሆነና ጫፉ የሾለ ነው፤ ጉማጁን ከዳር እስከ ዳር ወግቶ ያልፋል። ሲጎትቱት መሐሉ ላይ ይበጠሳል። የቀረችው አንዲት አንጓ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠል ታወጣለች፣ ሴደሙ ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ ምንጣፉን ሳይበጥሱ እሷን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ጉማጁን ለሁለት ፈልቅቆ፣ አፈሩን አራግፎ፣ ነጩን ሥር ከአንጓው ጋር እስከ መጨረሻው ተከትሎ ማውጣት ነው። እንግጫ ያለበትን ጉማጅ ከነጭርሱ አልወስድም፤ ፍሬ የመሰለችው ሥሩ አፈር ውስጥ ስለምትደበቅ ድካሙ አያዋጣም። በቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ደግሞ ተባይ ነው፣ ወደ አዲሱ መደብ አይገባም።

በጉማጆቹ መካከል ከመሐል እስከ መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ሲተው ለ1 ካሬ ሜትር 25፣ ለመደቡ በሙሉ 75 ጉማጅ ይበቃል። አንዱን አንስቶ አንዱን በመተው ዘዴ ይህ ከ1.5 ካሬ ሜትር እናት ምንጣፍ ይወጣል። በዚህ ርቀት መደቡ ለመግጠም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፣ ማለትም ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። ርቀቱን ወደ 30 ማስፋት ተክል ይቆጥባል፤ ባዶው ቦታ ግን ለአረም ነው የሚተርፈው።

ጉማጁ የሚቀበረው ቀድሞ በነበረበት ልክ ነው። አንገቱ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ሥሩ ይደርቃል። በእጅ መዳፍ ጫን ተደርጎ፣ ወደ ውጭ የተዘረጉት ሐረጎች አንጓቸው መሬት እንዲነካ ይደረጋል፤ አዲሱ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነው። በመጨረሻ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ዱቄቱ ተነፍቶ የወጣለት ደቀቅ ያለ ሬድ አሽ ከቅጠሉ ሥር ይነሰነሳል። ዝናብ ጭቃ እንዳይረጭበት ያደርጋል፣ አንገቱንም ደረቅ ያቆየዋል።

ሲነሳ የተበጣጠሰው ሐረግ አይጣልም። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ቆርጦ፣ የታችኛውን ሲሶ ቅጠል አራግፎ፣ ጥላ ውስጥ ለሁለት ቀን አስጥቶ ቁስሉ ሲደርቅ በየክፍተቱ አጋድሞ መጫን ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ሥር ይይዛል። ሲጎትቱት እምቢ ካለ ይዟል።

ውሃ ላይ ነገሩ ይለያያል። ከነአፈሩ የተዛወረ ጉማጅ አፈሩ ከአፈሩ እንዲገናኝ በተተከለበት ቀን አንዴ በስሱ ይጠጣል። ሥሩ የተራቆተው ወይም የተበጣጠሰው ግን ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ ከ10 እስከ 14 ቀን አንዴ፣ ጠዋት ይጠጣል። በጎማ በቀጥታ ከሆነ ሬድ አሹን ጠርጎ አንገቱን ያራቁተዋል፤ ወንፊት አፍ ያለው ማጠጫ ይሻላል። የቀን ቁጥሩን ከመከተል ግን የታችኛውን ቅጠል መጫን ይበልጣል። ተሸብሽቦ ለስለስ ካለ ጠምቶታል። ቢጫ ሆኖ፣ ብርሃን አሳልፎ፣ ሲነኩት ከወደቀ ውሃ በዝቶበታል። ሁለቱም «ጠውልጓል» ተብለው ውሃ ይደፋባቸዋል፤ ሁለተኛውን የሚጨርሰው ይኼ ነው።

ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ ከሆነ ከጥላ መረብ ሥር የወጣ ሊሆን ስለሚችል የአዲስ አበባን የቀትር ፀሐይ በአንዴ አይችለውም። ለአንድ ሳምንት ያህል በቀትር ሣሣ ያለ ጆንያ ከፍ አድርጎ ማልበስ ይበቃል። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ጠባሳ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚመጣው መቅላት ግን በሽታ አይደለም፤ ብርዱና ፀሐዩ ያመጡት ነው፣ ለእኔ እንዲያውም ውበቱ ያኔ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ሴደም አይተከልም። አንደኛው አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ የሚያንጠባጥብበት መስመር ነው፤ ውሃው መሬቱን ይቆፍራል፣ ሐረጉን ይነቅላል። ሁለተኛው ሰው የሚረግጠው ቦታ ነው። ሣር አይደለም፣ በእግር ሲረገጥ ይፈርጣል። ማለፍ ግድ ከሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ በየእርምጃው ማስቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ምንጣፉን በመቀስ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከሥሩ የተከማቸውን ደረቅ ቅጠልም አወጣለሁ። አየር የማያገኝ ምንጣፍ መሐሉ ይጠቁራል። ከዛፍ የወደቀ ቅጠል በሐምሌ ላዩ ላይ አንድ ሳምንት ከተኛ ሥሩ ያለው ይላሻል፣ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀማል። ቀንድ አውጣ ሲመሽ በባትሪ ይለቀማል። የጠቆረ ቦታ ከታየ ጤናማው እስኪገኝ በዙሪያው ሁለት ጣት ጨምሮ ቆርጦ ማውጣት፣ ባዶውን በደረቅ ሬድ አሽ መሙላትና እስከ ጥቅምት ምንም አለመትከል ነው።