ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በማደንዘዣ ሕክምና የመጀመሪያ ዓመታቴ፣ የምጥ ሕመምን በወገብ በኩል በሚገባ መድኃኒት የሚያስታግሰው የኤፒዱራል ጥበብ ሁሉ መርፌው ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጫፉ ጎበጥ ያለውን የቱሂ መርፌ በእናቲቱ ሦስተኛና አራተኛ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች መካከል አስገባለሁ። ሳላይን (የጨው ውሃ) የያዘውን ስሪንጅ በአውራ ጣቴ ስገፋ፣ ያ ግትር ጅማት ድንገት ይለቅና ፈሳሹ ያለ ተቃውሞ ይገባል። ያን ጊዜ ልቤ በኩራት ያብጣል። በመርፌው ውስጥ ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ አሳልፌ፣ መርፌውን አውጥቼ ቱቦውን ጀርባዋ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ ሥራዬ ያበቃ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን እዚያ ነው። ኩባዊው ሐኪም ማኑዌል ማርቲኔዝ ኩርቤሎ እ.ኤ.አ. በ1947 ካቴተሩን ወገብ ውስጥ ትቶ መድኃኒቱን ደጋግሞ መስጠት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፣ ጥያቄው እንዴት ይደጋገም የሚለው ሆኗል።

እኔ በእጅ በመስጠት ጀመርኩ። ሕመሙ ሲመለስ አዋላጇ ትጠራኛለች፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ከሆንኩ እናቲቱ እያማጠች ትጠብቀኛለች። መድኃኒቱን በሰዓት 10 ሚሊ ሊትር ያህል ያለማቋረጥ የሚያስገባው ፓምፕ ሲመጣ ታዲያ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ የቆየው እስከ አንድ ሌሊት ነው። አንዲት እናት «ዶክተር፣ በግራ በኩል አሁንም ያመኛል» አለችኝ። ፓምፑን አየሁት፤ ይሠራል። «መድኃኒቱ በትክክል እየገባ ነው፣ እህቴ» አልኳት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይኸው ነው። ብዙ ዘመን የሠራችው አዋላጅ ምንም ሳትናገር በጓንት የተቋጠረ በረዶ አምጥታ የእናቲቱን ሆድና ጭን ነካካች። በቀኝ በኩል ቅዝቃዜው አልተሰማትም፤ በግራ በኩል ግን ዘለለች። ቀኝ እግሯም እንደ ግንድ ከብዷት ማንሣት አቅቷት ነበር። ካቴተሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ስቤ መድኃኒት በእጄ ጨመርኩላት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቷ ፈታ አለ።

መድኃኒቱ በአንድ ጎን ብቻ የደረሰበትን ምክንያት የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ብዙ ካቴተሮች ጫፋቸው አካባቢ ከአንድ በላይ ቀዳዳ አላቸው። መድኃኒቱ በዝግታ ሲገባ በአብዛኛው ወደ ፓምፑ በሚቀርበው ቀዳዳ ብቻ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ ገፋ ተደርጎ ሲሰጥ ግን በሁሉም ወጥቶ ሰፋ ብሎ ይዳረሳል። ስለዚህ አሁን ፓምፑን በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር እንዲገፋ አዘዋለሁ። ድብልቁ ቀጭን ነው፤ የሚያደነዝዘው ቡፒቫኬይን ከ0.1 በመቶ ያልበለጠ፣ ፈንታኒል ከሚባለው ጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ጥቂት ጋር። እግር የሚያከብደው በአብዛኛው ወፍራሙ ድብልቅ ነው። ዘግይታ ለደረሰች እናት ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ መድኃኒት አከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ ሰጥቼ ካቴተሩን አስከትላለሁ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያስታግሳታል፣ ሰውነቷን ሊያሳክካት እንደሚችል ግን አስቀድሜ እነግራታለሁ።

ከዚህ በተጨማሪ እናቲቱ ሲያማት ተጨማሪ መድኃኒት ለማግኘት ራሷ የምትጫነው የፓምፑ ቁልፍ አለ። ከአንድ ጊዜ በኋላ ለ10 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቆለፋልና ደጋግሞ መጫን ትርፍ የለውም። ይህን አውቃለሁ ብዬ ተዘናግቼ ሳለ፣ አንድ ባል እንቅልፍ የወሰዳትን ሚስቱን ላለመቀስቀስ ብሎ ቁልፉን በየጊዜው ሲጫንላት አደረ። ስንደርስ የደም ግፊቷ ወርዷል። በጎኗ አስተኝተን፣ ፈሳሽና መድኃኒት ሰጥተን መለስናት። ባልየውን አልተቆጣሁትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። የዚህ ዘዴ ትልቁ መከላከያ የተኛ ሰው ቁልፍ አለመጫኑ ነው፤ ይህን የነገርኩት ግን ለእሷ ብቻ ነበር፣ ያውም ምጡ አናቷ ላይ በወጣበት ሰዓት። አሁን ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣ ለሁለቱም እነግራለሁ።

አንድ ልማድ ግን ለመተው ዓመታት ፈጅቶብኛል። የመግፋት ሰዓት ሲደርስ «ፓምፑ ይዘጋ» ይባላል፣ እኔም እዘጋ ነበር። ያተረፍኩት ሕመሙ በከፋው ሰዓት መመለሱን ብቻ ነው። አሁን ዝጋ ስባል መጀመሪያ እናቲቱን እግሯን እንድታነሣልኝ እጠይቃታለሁ። ካነሣች ለመግፋት አቅም አላትና አልዘጋም።